ወረቀቱ ላይ ሃያ አምስት

መስከረም 20

ለጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ጆሮዎስ? እኔ ከእርስዎና ከእማዬ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ።

መልስ ሳልሰጥ በመቆየቴ ይቅርታ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከሆቴል ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ስሮጥ ነበር፤ ቦርሳዬ ውስጥ እንደተቀመጠ ሁለት ከተማ አለፈው። አሁን ለጠየቁኝ በየተራ ልመልስ። አዎ፣ እበላለሁ። አዎ፣ አሰልጣኙ አሁንም በየሁለት ደቂቃው የእጅ ሰዓቱን ያያል፤ እርስዎ ያወጡለትን ስም ወጌሻዋ ሰምታ ስለወደደችው፣ በሌለበት ሁላችንም «ሰዓቱ» ነው የምንለው። ደረጃዬንም አልተሳሳቱም፣ ዘጠና ስድስት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የውድድር ዓመቱ ሲያልቅ ከዓለም መቶዎቹ አንዷ ከሆንኩ ለትልቁ ውድድር ስሜ በቀጥታ ይገባል። ከመቶ ከወጣሁ ግን ማጣሪያ ነው፤ እዚያ በር ላይ ስንት ዓመት ቆሜ እንደለመንኩ እርስዎ ያውቃሉ። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ የቴኒስ ራኬት ከሰጡኝ ጀምሮ የሮጥኩት ለዚያ በር ነው። ሦስት ውድድር ይቀረኛል። ዘንድሮ የሚያቆመኝ ነገር የለም።

አራቱን ራኬቶች በዚህ ሳጥን ልኬያለሁ። ኳሴ ከመስመር እያለፈ ስላስቸገረ ሰዓቱ ክሩ ጠበቅ ይበል ብሏል። እስከ ዛሬ የሚወጠረው በሃያ አራት ኪሎ ነበር፤ አሁን ሃያ አምስት አድርገው ይወጥሩልኝ። እዚህም ክር የሚወጥር ሰው ሞልቷል፤ ሰዓቱ «ስንት ባለሙያ በደጅሽ እያለ ራኬት በፖስታ ይላካል?» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። በእርስዎ እጅ ካልተወጠረ የሰው ራኬት የያዝኩ ይመስለኛል።

መያዣዎቹን አዲስ ጨርቅ ጠቅልዬባቸዋለሁ። እነሱን አይንኩብኝ።

ልጅዎ ፌንጣ


መስከረም 29

ለፌንጣዬ፣

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል፣ ጆሮዬ ግን ጠቅልሎ ጡረታ ወጥቷል። ለጆሮዬ የሰጡኝ መሣሪያ ስልክ ሲጠጋው እያፏጨ ባያስቸግረኝ ኖሮ በሳምንት አንድ ቀን ድምፅሽን ብሰማ አልጠላም ነበር። ስለዚህ ጻፊልኝ፤ ከራኬቱ ጋር አብሮ ይመጣል።

እናትሽ ደህና ናት። አንቺ በምትጫወቺበት ሰዓት የስፌት መኪናዋን አታቆምም። ውጤቱን ስልኳ ላይ የምታየው አውራ ጣቷን ከላይ አስቀምጣ ነው፤ ቀስ እያለች ታንሸራትታለች፣ መጀመሪያ የተጋጣሚሽን ቁጥር፣ ከዚያ ያንቺን። ባለፈው ሳምንት በዚያ መሀል የአንዲት ሙሽራ እጅጌ ገልብጣ ሰፋች። ሙሽራዋ ስታለቅስ እናትሽ «አይዞሽ፣ አሸንፋለች» አለቻት አሉ።

እሺ። አይንኩብኝ ብለሽኝ ነበር፤ ነካሁ። አርባ ዓመት ሙሉ ሰውን የማውቀው በራኬቱ መያዣ ነውና ይቅርታ አድርጊልኝ። አዲሱን ጨርቅ ፈትቼ ከሥሩ ያለውን አየሁት። አውራ ጣትሽ፣ ጠቋሚሽና መሐል ጣትሽ ያረፉበት ቦታ ተበልቷል። ቀለበት ጣትሽና ትንሿ ጣትሽ የሚያርፉበት ግን ከሱቅ እንደወጣ ነው። በአራቱም ላይ እንደዚያው። አንቺ በአምስት ጣትሽ የምትይዢ ልጅ ነበርሽ፤ ያስተማርኩሽም እኔ ነኝ።

«ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ» ብለሻል። ራኬቱ እንደዚያ አይልም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፤ የእጅሽን አንጓ፣ በትንሿ ጣት በኩል፣ ያምሻል ወይ?

ራኬቶቹን ልኬያለሁ። እንደ ሁልጊዜው ኪሎውን ከመያዣው በላይ በለጠፍኩት ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ፤ ሃያ አምስት።

አጎትሽ


ጥቅምት 16

ለጋሼ፣

እንደምን አሉልኝ? ራኬቶቹ በደህና ደርሰውኛል። የሙሽራዋን እጅጌ ለወጌሻዋ ነግሬያት እግሬን ማሸት አቁማ ሳቀች።

የመጀመሪያው ዙር ላይ ተሸነፍኩ። እማዬ ጣቷን አንሸራትታ ስላየችው መደበቅ አልችልም። አርባ አንድ ኳስ ከመስመር ውጪ መትቻለሁ፤ ቆጥረው በወረቀት ሰጡኝ። የሚገርመው በሜትር አይደለም የሚወጡት። ሁሉም በአንድ ስንዝር ነው የሚያልፉት።

ከጨዋታ በኋላ ጋዜጠኞቹ ክፍል መግባት ግዴታ ነው። አንዱ «ሜዳ ላይ ፈርተሽ ነበር?» አለኝ። «አይ» አልኩት። «ታዲያ ኳሱ ለምን ይወጣል?» አለኝ። ውሃ ጠጣሁ። ሰዓቱም በኋላ ያንኑ ነው ያለኝ፦ እጅሽ ደህና ነው፣ እግርሽ ደህና ነው፣ የቀረው ጭንቅላትሽ ነው።

ጥያቄዎን አልዘለልኩትም። እጄ ደህና ነው። የአያያዜ መንገድ ተቀይሮ ነው፤ ዘመናዊ አያያዝ ነው።

ሁለት ውድድር ይቀራል። ደረጃዬ ዘጠና ዘጠኝ ነው። ከመቶ አልወጣሁም፣ አልወጣምም። ራኬቶቹን በሳጥኑ መልሼ ልኬያለሁ፤ አሁን ሃያ ስድስት ያድርጉልኝ።

ፌንጣ


ጥቅምት 26

ለፌንጣ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ዘመናዊ አያያዝ ነው ብለሻል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። አንዴ ጠይቄሻለሁ፣ ሁለተኛ አልጠይቅሽም።

ደብዳቤዬ አጭር የሆነው ሥራ በዝቶብኝ ነው ልልሽ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ዝናብ ነው፤ ከመስኮቴ የሚታየው ሜዳ ኩሬ ሆኗል፣ በቴኒስ ክለባችን ውስጥ ያለነው እኔና ጥበቃው ብቻ ነን። የምጽፈው ጠፍቶኝ ነው። አንዳንዴ ሰው የሚጽፈው የሚጠፋው ብዙ ስላለው ነው።

እናትሽ «ለኔ በስልክ ሁለት ቃል፣ ላንተ ሁለት ገጽ፤ ምን ብትላት ነው?» ትለኛለች። ስለ ክር ነው የምታወራኝ አልኳት። ደህና ናት ወይ አለችኝ። ደህና ናት አልኳት። ስዋሽ አፌ እንደሚደርቅ እህቴ ከልጅነታችን ጀምሮ ታውቃለች፤ ውሃ ቀድታ አጠገቤ አስቀመጠችልኝና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ራኬቶቹ ሳጥኑ ውስጥ ናቸው። ወረቀቱ ላይ ሃያ ስድስት ይላል።

አጎትሽ


ኅዳር 14

ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ዛሬ የራሴን አስቀድማለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።

በሁለተኛውም ውድድር ከመጀመሪያው ዙር ወጣሁ። መቶ ሦስተኛ ነኝ።

የምጽፍልዎ ግን ስለ ውጤቱ አይደለም። የሆነ ነገር ሆኛለሁ። ኳሱን አይቼ፣ እግሬን ተክዬ፣ ስንት ሺህ ጊዜ እንደመታሁት አድርጌ እመታዋለሁ። እጄ «ገብቷል» ይለኛል። ቀና ስል ኳሱ ከመስመሩ አንድ ስንዝር አልፎ አርፏል። አንዴ ቢሆን እሺ። መቶ ጊዜ ሲሆን ሰው የገዛ እጁን ማመን ያቆማል። ልምምድ ላይ ድምፁ ራሱ ወፍራም ሆነብኝ፤ ክሩን በጥፍሬ ስነካው እንደ ድሮው አይጮህም። ወረቀቱን አየሁት። ሃያ ስድስት ይላል፣ የእርስዎ ጽሑፍ ነው። እንግዲህ ያበደው ጆሮዬ ነው አልኩ።

ሰዓቱ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ አመጣልኝ። ደግ ሴት ናት። ዓይንሽን ጨፍኚና ኳሱ ከመስመር ውስጥ ሲያርፍ እዪው ትለኛለች። አየዋለሁ፤ ዓይኔን እንደጨፈንኩ ቢሆን እንደኔ የሚጫወት አልነበረም። ጣጣው ስገልጠው ነው። ባለፈው ማክሰኞ የመክፈቻውን ሰርቭ ልመታ ቆሜ ኳሱን ወደ ላይ መወርወር አቃተኝ። ግራ እጄ አለቅም አለች። ዳኛው አስጠነቀቀኝ፣ እኔ ኳሴን ይዤ ቆሜያለሁ። ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ፎጣዬን ራሴ ላይ ጣልኩና አለቀስኩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ፣ አልቆም አለኝ።

እንግዲህ ሁሉንም ልንገርዎ። እጄን ያመኛል። ከሰኔ ጀምሮ ያመኛል፤ እርስዎ ያሉት ቦታ ላይ ነው። ሦስት የሕመም ማስታገሻ መርፌ ተወግቻለሁ። ከእኛ ሰዎች የምታውቀው ወጌሻዋ ብቻ ናት፤ ለሰዓቱ እንዳትነግረው አስምዬያታለሁ። አራተኛውን ተወግተሽ ከተጫወትሽ ጅማቱ ሊበጠስ ይችላል ብላኛለች፣ ከተበጠሰ ደግሞ ተመልሶ ቴኒስ የለም። ጥርሴን የምቦርሸው በግራ እጄ ነው። የውሃ ኮዳ ክዳን የምከፍተው በጥርሴ ነው።

ለእማዬ አይንገሩብኝ። የመጨረሻው ውድድር ታኅሣሥ አምስት ይጀምራል። ሁለት ጨዋታ ካሸነፍኩ መቶ ውስጥ እመለሳለሁ። እጄ ለሁለት ጨዋታ ይበቃኛል፤ የማላውቀው ጭንቅላቴን ነው። ሃያ ሰባት አድርገው ይላኩልኝ፣ ኳሱን እንደምንም ሜዳ ውስጥ አስቀረዋለሁ። መርፌውን እወጋለሁ። ወስኛለሁ።

ፌንጣ


ኅዳር 20

ልጄ፣

ሰላምታዬ ከታች ነው፤ መጀመሪያ ይሄን አንብቢ። ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ።

አላበድሽም። ጆሮሽም አላበደም። ራኬቶቹ ሃያ አምስትም ሃያ ስድስትም አልነበሩም። ሃያ ሁለት ነበሩ። ሁለቱንም ጊዜ፣ አራቱንም ራኬት በሃያ ሁለት ወጥሬ፣ ወረቀቱ ላይ አንቺ ያዘዝሽውን ቁጥር ጽፌ ለጠፍኩ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልንገርሽ። መያዣሽን ፈትቼ ሳይ ወዲያው ገባኝ። ጠበቅ ያለ ክር የኳሱን ምት መልሶ ለአንጓ ያሸክመዋል፤ ላላ ያለው ራሱ ይውጠዋል። እጅሽን ላሳርፍልሽ ብዬ ነው። ላላ ያለ ክር ኳሱን አርቆ እንደሚልክም አውቃለሁ፤ አርባ ዓመት የሠራሁበት ነው፣ አላወቅኩም ብዬ ሌላ ውሸት አልጨምርልሽም። ፌንጣ ፈጣን ናት፣ በሁለት ቀን እጇ ይለምደዋል ብዬ ነበር። እጅሽማ በነገረሽ ነበር። ጆሮሽም ነግሮሻል። እኔ ግን ወረቀት ለጠፍኩበት፤ አንቺ ደግሞ ከእጅሽ ይልቅ እኔን አመንሽ። ያን አላሰብኩም።

ክር መበጠስ ለማንም ባለሙያ ያጋጥማል፣ አያሳፍርም። ያልወጠረውን ቁጥር ወረቀት ላይ የጻፈ ግን ሙያውን ጥሏል። እኔ ይሄን ለስንት ሠልጣኝ ስሰብክ የኖርኩ ሰው ነኝ። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ፤ አንጓሽን አድናለሁ ብዬ አንቺን ከራስሽ ጋር አጣላሁሽ።

ሌላም አለ። አስራ አንድ ዓመትሽ ላይ፣ የክለቡ የልጆች ፍጻሜ ቀን፣ የእግርሽ ጣት መሰበሩን ታስታውሻለሽ። በእረፍት መጥተሽ «ጋሼ፣ ያመኛል» አልሽኝ። «ምንም አልሆንሽም፣ ግቢ» አልኩሽ። ገባሽ፣ አሸነፍሽ። ጫማሽን ስናወልቅ ጣትሽ ጠቁሮ ነበር። እኔ ምን አደረግሁ? ትከሻዬ ላይ አውጥቼሽ ክለቡን እያዞርኩሽ «ልጅ ማለት ይቺ ናት፤ በተሰበረ ጣት ተጫውታ ቃል አልተነፈሰችም» እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ተንፍሰሽ ነበር እኮ። ለእኔ ተንፍሰሽ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ያመኛል ስትዪ ሰምቼሽ አላውቅም፣ እስከዚህ ደብዳቤሽ ድረስ። አስራ ሦስት ዓመት ነው፤ ትናንት ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት።

ይቅርታ የሚለው ቃል ለዚህ ያንሳል፤ ከእሱ የሚበልጥ ግን የለኝም። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ትርፍ ራኬቶችሽ እኔ ጋ ስለነበሩ አራት ልኬልሻለሁ። ሁለቱ እንዳዘዝሽው ሃያ ሰባት ናቸው፣ ሁለቱ ሃያ ሁለት። ወረቀቱ ላይ ያለው እውነተኛው ነው። ልታምኚኝ አይገባም፤ እዚያ የክር መለኪያ ስላላቸው አስለኪው። የትኛውን እንደምትይዢ፣ መያዝ አለመያዝሽንም አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ የመምከር ወጉን አጥቻለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚሉትን ብቻ ልጻፍልሽ፤ እሱንም ራሴ ስለደበቅኩ ነው የማውቀው።

ለእናትሽ ስላንቺ አልነገርኳትም። ስለ እኔም አልነገርኳት።

እንደምን ሰነበትሽ፣ ልጄ?

አጎትሽ


ታኅሣሥ 1

ጋሼ፣

ዛሬ ሰላምታ የለኝም።

ደብዳቤዎን ያነበብኩት ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ነው። ሁለተኛ አነበብኩት። ከዚያ ራኬቶቹን ይዤ ክር ወጣሪዎቹ ጋ ሄጄ አስለካሁ። ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሰባት፣ ሃያ ሰባት። ሰውየው «መንገድ ላይ ትንሽ መላላቱን ትተሽ ልክ ነው። ማን ነው የወጠረው? እጁ ጥሩ ነው» አለኝ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ንዴቴ።

ሁለት ወር ሙሉ ራሴን ረገምኩ። ለዚያች ደግ ሴት የሌለብኝን በሽታ ሳወራላት ከረምኩ፤ እሷም ማስታወሻዋ ላይ ስትጽፍ ከረመች። በጣም ተናድጃለሁ ጋሼ። ሲበርድልኝ ሌላ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ይሄ ያ አይደለም።

ከዚያ ሃያ ሁለቱን ይዤ ሜዳ ገባሁ፤ ሃያ ሁለት መሆኑን እያወቅኩ። አስር ኳስ ወጣብኝ። አስራ አንደኛው ገባ። ከዚያ በኋላማ መውጣቱን ተወው። እጄንም በሃያ አራቱ ጊዜ ከነበረው የቀለለ አመመኝ። የበለጠ ያናደደኝ ይሄ ነው። ጠይቀውኝ ቢሆን እሺ እል ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። አልልም ነበር። እሱም ያናድደኛል።

ያደረግሁትን ልንገርዎ። ሰዓቱን ቁርስ ላይ አገኘሁትና «እጄን ከሰኔ ጀምሮ ያመኛል» አልኩት። ሦስት ዓመት አብረን ስንሠራ ለመጀመሪያ ጊዜ የእጅ ሰዓቱን አላየም። ወጌሻዋንም ከመሐላዋ ፈታኋት። ሐኪሙ አንጓዬን በመሣሪያ አይቶ ጅማቱ እስከ ግማሹ ተሰንጥቋል አለ። ከዚያ ማንም ሳይጠራኝ ጋዜጠኞቹ ክፍል ገብቼ «ከዚህ ውድድር ወጥቻለሁ። አንጓዬ ተጎድቷል። ደብቄው ነበር» አልኩ። ያ ስለ ፍርሃት የጠየቀኝ ሰውዬም ነበር። «አሁንስ ፈርተሻል?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። የሚቀጥለውን ጥያቄ ወረቀቱ ላይ ፈልጎ አጣው።

እንግዲህ ከመቶ ወጣሁ። ስመለስ ከስምንት መቶ ወዲያ ነው የምጀምረው። ይጀመር። ታኅሣሥ ስድስት ቀዶ ሕክምና አለኝ። ስድስት ወር ራኬት አልይዝም፣ በሰባተኛው እይዛለሁ። ይሄን ለማንም ቃል አልገባሁም፣ ለራሴ ብቻ ነው።

ለእማዬ ደውዬ ነግሬያታለሁ። የስፌት መኪናዋ ሲቆም በስልኩ ሰማሁት። የእርስዎን ግን አልነገርኳትም። እሱን እርስዎ ይንገሯት።

ከሐኪም ቤት እንደወጣሁ ቤት እመጣለሁ። መወጠሪያ መኪናውን ያዘጋጁ። ከእንግዲህ ራኬቴን የምወጥረው እኔ ነኝ። እርስዎ ያስተምሩኛል፤ እምቢ ማለት አይችሉም።

ፌንጣ


ነሐሴ 24

ለፌንጣዬ፣

በደህና ገባሽልኝ? ከሄድሽ ገና ስምንት ቀንሽ ነው፣ የመወጠሪያ ክፍሌ ግን ሰፍቶብኛል። እዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ስምንት ወር ሙሉ ክርንሽ ጎኔን ሲወጋኝ ከርሞ፣ አሁን እንደልቤ ስዘረጋ ደስ አላለኝም።

በሩ ላይ ሆነሽ ራኬቴን ራሴ መወጠሬ ቅር ብሎዎታል ወይ ያልሽኝን ያን ጊዜ አልመለስኩልሽም። አሁን ልመልስ። የመጀመሪያውን ወር አስታውሺ። እጅሽ በጀሶ ታስሮ፣ «ያን ያቀብሉኝ፣ ይሄን ይያዙልኝ» ከማለት በቀር ለኔ አንድ ቃል ሳታወጪ፣ በግራ እጅሽና በሁለት ጣት ክር ስታስገቢ ዋልሽ። የመጀመሪያው ራኬትሽ እንቁላል መሰለ። እናትሽ እሱን ከጋዜጣ ቁራጮችሽ አጠገብ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች፤ ለመጣ ሰው ሁሉ ከዋንጫዎችሽ በፊት የምታሳየው እሱን ነው። እኔ ያን ወር አልተቀየምኩሽም። ዝም ብለሽም ቢሆን በየጠዋቱ መምጣትሽ ይበቃኝ ነበር። አሁንም ወረቀቱ ላይ ያንቺን ጽሑፍ ሳይ ደስ ይለኛል፣ ውሸት የለበትማ። ግን ጠዋት ስገባ ያንቺ ራኬት መኪናው ላይ አለመኖሩ እጄን ሥራ ያስፈታዋል። ይሄን የምነግርሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም። መደባበቅ ቀርቷል ተባብለን ስለነበረ ነው።

የሠራሁትን ከነገርኳት ቀን ጀምሮ እናትሽ እስከ ዛሬ በስሜ አትጠራኝም። «ሃያ ሁለት» ነው የምትለኝ። «ሃያ ሁለት፣ ምሳ ቀርቧል። ሃያ ሁለት፣ በሩን ዝጋ።» ጎረቤቱም ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ይዞታል። የክለቡ ጥበቃማ ጭራሽ ዕድሜዬን ለማሞገስ መስሎት ነው የሚጠራኝ።

አንጓሽን እንደ እንቁላል ያዢው። እንደዚያ እንደ ራኬትሽ ሳይሆን እንደ እውነተኛው እንቁላል።

አጎትሽ


መስከረም 17

ለጋሼ ሃያ ሁለት፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከእርስዎና ከእማዬ ናፍቆት፣ ከአንጓዬም በቀር ደህና ነኝ።

አይደንግጡ። ውድድሩ የሚካሄደው ከመኪና ማቆሚያ ጀርባ ነው። ኳስ አቀባይ የለም፣ ኳሳችንን የምንለቅመው ራሳችን ነን። ተመልካቹ አስራ አንድ ሰው ነበር፤ አንደኛው ተኝቷል። ሁለት ጨዋታ አሸነፍኩ። በሦስተኛው ላይ አራት ለሁለት እየመራሁ አንጓዬን ቆነጠጠኝ። ድሮ ቢሆን ጥርሴን ነክሼ እቀጥል ነበር። ራኬቴን አስቀመጥኩና ለዳኛዋ «ያመኛል» አልኳት። ጮክ ብዬ ሳልናገር አልቀረሁም፣ የተኛው ሰውዬ ነቃ።

ወጌሻዋ ዳሰሰችው። ጅማቱ ደህና ነው፣ ጠባሳው ዙሪያ አብጧል፣ ለዛሬ ይብቃሽ አለች። ተጋጣሚዬን ጨብጬ ወጣሁ። እየመራሁ ነበር እኮ ጋሼ። ያንገበግባል፣ አሁንም ስጽፈው ያንገበግበኛል። ቦርሳዬን ተሸክሜ ስወጣ ግን እግሬ አልከበደኝም። ሐኪሙ አስር ቀን አሳርፊው ብሎኛል። ከአስሩ ቀን በኋላ ያለው ሰኞ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሜዳ አለ፤ ስሜን አስመዝግቤያለሁ። ደረጃዬ ሰባት መቶ አስራ አራት ሆኗል።

ኳስ አለቅም የምትለው ግራ እጄ አሁንም አንዳንዴ ትቀልድብኛለች። ያቺን ደግ ሴት ማነጋገሬን አልተውኩም። አሁን የምነግራት እውነቱን ስለሆነ ሥራዋ ቀሏታል። ሰዓቱም ከእኔው ጋር ነው። ሰባት መቶ አስራ አራተኛ ሆኜም የእጅ ሰዓቱን ያያል።

ሳጥኑ ውስጥ ሦስት ራኬት ያገኛሉ። አንደኛው እኔ የወጠርኩት ነው፣ ኳስ አላስነካሁትም። ወረቀቱ ላይ ሃያ ሦስት ብያለሁ። ለክተው እውነቴን መሆኑን ይንገሩኝ። ሁለቱ ባዶ ናቸው፣ ክር የላቸውም።

እነዚያን እርስዎ ይወጥሩልኝ።

ሲበርድልኝ ሌላ ደብዳቤ እጽፋለሁ ብዬ ነበር። ይሄ ያ ነው።

ልጅዎ ፌንጣ


መስከረም 25

ልጄ፣

ለካሁት። መንገድ ላይ የሚላላውን አስቤ፣ ሃያ ሦስት ነው። ሁለት ጊዜ ለካሁት። ከዚያ ዓይኔን ስላላመንኩት እናትሽን ጠርቼ ቁጥሩን እንድታነብልኝ አደረግሁ። መለኪያው ላይ አውራ ጣቷን አስቀምጣ፣ ቀስ እያለች አንሸራትታ ነው ያነበበችው።

ያመኛል ማለትሽን ለእናትሽ አነበብኩላት። «አንተ ያኔ ጣቷ ሲሰበር ብትሰማት ኖሮ» አለችኝ። ልክ ናት።

ሁለቱን በሃያ ሦስት ወጥሬያለሁ። የአንድ ሰዓት ተኩል ሥራ ነው፣ ከጠዋት እስከ ምሳ ፈጀብኝ። አንዱን ጨርሼ መልሼ ፈታሁት፤ ምንም አልነበረበትም፣ ግን እንደገና ወጠርኩት። ወረቀቱን ጽፌ ለጥፌያለሁ። አንቺ ግን በጽሑፌ አትተማመኚ። መለኪያ ከቦርሳሽ አይጥፋ፣ ሜዳ ከመግባትሽ በፊት ለኪው። ይሄን ቅር ብሎኝ አይደለም የምልሽ።

ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ነው።

አጎትሽ ሃያ ሁለት


ጥቅምት 9
(በራኬቱ ወረቀት ጀርባ፣ በእርሳስ)

ጋሼ፣ እርስዎ የወጠሩት የዚህኛው ክር ትናንት ሦስተኛው ጨዋታ ላይ ተበጠሰ፤ ይወጥሩልኝ። ሃያ ሦስት። አንጓዬ ደህና ነው፣ እውነቴን ነው።

አልለካሁትም።